የቮልሷ አናት

የተወለድኩት በዚህች ቮልስ የኋላ ወንበር ላይ ነው። እናቴን ምጥ ይዟቸው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሲጣደፉ እኔ መንገድ ላይ ቀደምኳቸው። ሰው ሁሉ "ችኩል" ይለኛል፤ ሐሰት ነው አልልም።

ቮልሷ የአባቴ ናት፤ እሳቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ፍኖተ ሰላም ግቢያችን ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ከቆመች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ቅጠሉ አናቷ ላይ እየተከመረ፣ እየበሰበሰ፣ ዝገት በላት። አንዴ የሰፈር ቀለም ቀቢ ዝገቱን ሳያጸዳ ከላይ ከላይ ለቀለቃት፤ ክረምቱ ሳይወጣ ቀለሙ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሳ። ዘንድሮ "እኔ ልሞክራት" ስል አባቴ ቀና ብለው አዩኝ።

"ሞክር። ግን እንደገና ከዛገች ቁራሌው ይምጣና ይውሰዳት። ሁለተኛ ስትበሰብስ ቆሜ አላይም።"

አባቴ ደግሞ ካሉ አሉ ነው።

ቅዳሜና እሑድ እየጠበቅኩ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኳት። የበሰበሰውን አስቆርጬ አዲስ ላሜራ አስበየድኩ፣ የጎደጎደውን በስቱኮ ሞላሁ፣ አቧራውን እስከ ጉሮሮዬ ቃምኩት። በመጨረሻ ብረቷ ነጭ ሆኖ ራቁቷን ቆመች። ራቁት ብረት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ እርጥበት ካገኘው ባንድ አዳር ይዝጋል። ፀረ ዝገቱ ቀለም ቶሎ መነፋት አለበት። የሚነፋው በኮምፕሬሰር ነው፣ ኮምፕሬሰሩ መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ እንደ ልቡ ይመጣል ይሄዳል። ሰማዩም በደምበጫ በኩል ጠቁሯል። አናቷ ላይ ያለው ላሜራ ከመሳሳቱ የተነሳ ሌላ ፍተጋ አይችልም፤ ከነኩት ይበሳል። ዛሬ ካልተነፋ አለቀላት ማለት ነው።

ጠዋቱን ሙሉ አምፖሉ ላይ አፍጥጬ ቆየሁ። በኋላ ቦግ ሲል ጊዜ "እሰይ!" ብዬ ጎረቤት ያስቀመጥኩትን የቀለም ማቅጠኛ ቲነር ላመጣ ሮጥኩ።

ስመለስ እናቴ ቮልሷ አጠገብ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ሳህን ይዘዋል፣ ሌላው እጃቸው ያብረቀርቃል። የቮልሷ አናትም ያብረቀርቃል። የለጋ ቅቤ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል።

"እማዬ! ምን አደረጉ?"

"አናቷን ቀባኋት" አሉ ደስ ብሏቸው። "ራቁቷን ሳያት አንጀቴን በላችው።"

ደሜ ፈላ። ቅባት የነካው ብረት ቀለም አይቀበልም! ሰማዩ ሊወርድ ደርሷል፣ መብራቱ ይሄዳል፣ እሳቸው ቅቤ ይቀባሉ!

"ገደሏት! በቃ፣ ለቁራሌው አዘጋጇት!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሳይሰማኝ አልቀረም።

እናቴ ሳህኑን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

"አንተን የተገላገልኩ ዕለት መንገድ ላይ ማን ነበረኝ?" አሉ ቀስ ብለው። "ያዋለደችኝ እሷ ናት። አዋላጅ አናቷን ቅቤ ሳትቀባ ትሸኛለች እንዴ? ይኸው እስከ ዛሬ ሳልቀባት ቆየሁ። ዛሬ አዲስ ልብስ ልታለብሳት ነው ብዬ እኮ ነው ልጄ።"

 ንዴቴ ግን አልበረደም፣ እንባዬም መጣ። ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነከርኩና አናቷን መጥረግ ጀመርኩ። እናቴም የቲነሩ ሽታ እያሳላቸው በሌላ ጨርቅ ከወዲያ በኩል ጠረጉ። ነጎድጓዱ ቀረበ። "በቃ፣ ይራቁ!" ብዬ ኮምፕሬሰሩን አስነሳሁ።

በሩ፣ ፓራፋንጎው፣ ኋላዋ፣ ሁሉም ግራጫውን ቀለም እሺ ብሎ ለበሰ። አናቷ ላይ ስደርስ ቀለሙ ከአንድ ቦታ ሸሸ። ደገምኩት፣ አሁንም ሸሸ። መዳፍ ከነጣቶቹ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ እናቴ መጀመሪያ እጃቸውን ያሳረፉበት ቦታ ነው። ልደግም ስል ኮምፕሬሰሩ ቀጥ አለ። መብራቱ ሄደ። ሸራ በእንጨት ደግፌ እንደወጠርኩላት ዝናቡ ወረደ።

ሲያባራ አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። በሩን ዳሰሱ፣ ፓራፋንጎውን ዳሰሱ። "ይዟል" አሉ። እጃቸው ወደ አናቷ ሄደ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"



"የኔ እጅ ነው" አሉ እናቴ። "ቅቤ ቀብቻት ነው። ያዋለደችኝ እሷ አይደለች?"

አባቴ መዳፉን አዩት። እናቴን አዩ። እኔ "ቁራሌ" የምትለዋን ቃል እጠብቃለሁ።

"ሌላ ፍተጋ አይችልም?"

"አይችልም አባዬ፣ ይበሳል።"

"ዝገት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።"

"አዎ።"

"እንግዲያ በቲነር ጠርገህ በብሩሽ ትደፍናታለህ።"

"ክረምቱ ቢያነሳውስ?"

"ከርሞም ትደፍናታለህ" አሉ አባቴ፣ ከዘራቸውን እያነሱ። "የከርሞ ከርሞም።"

እናቴ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።