ከጥቅሉ ውጭ የቀረ ሰንጠረዥ

ናኢማ ሁሴኖ ልትፈታው የተነሳችው ችግር ሲናገሩት ቀላል ነው፤ የዘር መጋዘኖች የሚሠሩበት ፕሮግራም ከቦታ ቦታ ሲሄድ ዕቃውን መንገድ ላይ ይጥላል።

ፕሮግራሙን በጃቫ የጻፈችው ራሷ ናት፤ አሰላ ባለው የገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ፣ ከሰብል ባለሙያው ከኢብሳ ጋር በምትጋራው ጠባብ ክፍል ውስጥ። የመጋዘን ሠራተኛው የገበሬውን ስም፣ ቀበሌውንና የማሳውን ስፋት ያስገባል። ፕሮግራሙ ለዚያ ቀበሌ የትኛው የስንዴ ዝርያ፣ ስንት ኪሎ እንደሚገባ ከሰንጠረዥ ያነብና ቲኬት ያትማል። ሰንጠረዡን በየዓመቱ የሚያዘጋጀው ኢብሳ ነው። ከሰንጠረዡ ሌላ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ መልእክቶች፣ የፊደል ፋይልና የዩኒየኑ ዓርማ አሉ። እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ «ዳታ» በሚባል ፎልደር ሆነው ከፕሮግራሙ ጎን ይቀመጡ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የሮቤ መጋዘን ደወለ። ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት ይዘጋል። ናኢማ ሄዳ አየችው፤ ፕሮግራሙ አለ፣ ፎልደሩ የለም። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ሁሉ ላይ ያለ አንድ የታወቀ ቫይረስ አለ፤ ፎልደሮቹን ይደብቅና በምትካቸው ሾርትከት የሚባሉ ምልክቶችን ይተክላል። ሰውም ለምዶታል፤ ፍላሹን ሲሰካ ሾርትከቶቹን ይሰርዝና ዓይኑ ያየውን ኮፒ ያደርጋል። ዓይን የሚያየው ደግሞ ፕሮግራሙን ብቻ ነው።

«ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንድ ጥቅል ይግባ» አለች።

ጭነት ለናኢማ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቷ ሁሴኖ ሃያ ስድስት ዓመት አሰላ ውስጥ ጋሪ ነድተው ነው ያሳደጓት። ፈረሱን ከመንካታቸው በፊት አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ጋሪው ላይ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ እየነኩ ምን እንደሆነና ከማን እንደተረከቡት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠራሉ። «ጤፍ፣ ከሂባ ሱቅ! ሁለት ቆርቆሮ፣ ከመናኸሪያው!» ትንሿ ናኢማ ከፊት ተቀምጣ በዚህ ታፍር ነበር። ጓደኞቿም በትምህርት ቤት «ሽንኩርት፣ ከናኢማ ቦርሳ!» እያሉ ያሾፉባት ነበር።

ጃቫ ፕሮግራሙንና ፋይሎቹን አንድ ላይ የሚያስርበት ጥቅል ጃር ይባላል። ናኢማ ሰንጠረዡን፣ መልእክቶቹን፣ ፊደሉንና ዓርማውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ከተተች። ጠረጴዛዋ ላይ ሞከረችው፤ ሠራ። ሮቤ ላከችው፤ አልሠራም። «ፋይሉ አልተገኘም» ብሎ ዝም።

እዚህ ላይ ያለው ነገር በእውነት ድንቅ ነው፤ ናኢማም ሲገባት ብቻዋን ሳቀች። ዲስክ ላይ ያለ ፋይል አድራሻ አለው፤ በዚህ ገብተህ በዚያ ታጥፈህ ታገኘዋለህ። ጥቅል ውስጥ የገባ ፋይል ግን አድራሻ የለውም። አፉ የተሰፋ ጆንያ ውስጥ ያለን ዕቃ በመንገድ ስም እንደመፈለግ ነው። ጆንያውን የተሸከመውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። በጃቫ ይህ ተሸካሚ ክላስ ሎደር ይባላል፤ «ሰንጠረዡን ስጠኝ» ስትለው ከጥቅሉ ውስጥ ይዘቱን እንደ ውሃ በቱቦ ያፈስልሃል። ታዲያ የናኢማ ኮምፒውተር ላይ ለምን ሠራ? ፋይሎቹ ሳይጠቀለሉ በፊት የነበሩበት ፎልደር እዚያው ስለነበረ። ፕሮግራሙ ጥቅሉን ትቶ ከጓዳ ይበላ ነበር።

ይህን አስተካከለች። ሮቤም ሠራ፣ ሌሎቹም መጋዘኖች ሠሩ። አንድ ነገር ብቻ ጨመረች፤ ለኢብሳ አዝና ነው። ኢብሳ አንዳንድ ጊዜ ዘር እየተከፋፈለ ሳለ ሰንጠረዡን ይቀይራል፤ የታሸገን ጥቅል ደግሞ መጋዘን ላይ ፈቶ መቀየር አይቻልም። ስለዚህ አንዲት መስመር አስገባች፦ ከጥቅሉ ጎን «ዳታ» የሚባል ፎልደር ካለ መጀመሪያ ከእሱ አንብብ፤ ከሌለ ከጥቅሉ።

ከመጋዘኖቹ ሁሉ አንድም ቀን አቤት ብሎ የማያውቀው የጮሌ ከተማው መጋዘን ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ጮሌ ደወለ።

«ናኢማ ልጄ፣ ይሄ ፕሮግራምሽ ሰልፍ አስቆመብኝ» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። የጮሌ መጋዘን ኃላፊ ናቸው፤ ስድሳን የተጠጉ፣ ቁጥብና ጥንቁቅ ሰው።

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«አንዲት ሴትዮ ቲኬቷን ይዛ አልወስድም ብላ በሩ ላይ ቆማለች። ኋላዋ መቶ ሰው ዝናብ ይደበድበዋል።»

«ምን ትላለች?»

«አምና ሰባት ቁጥርን ዋግ በላብኝ፣ ዘንድሮ ደግሞ እኔን ኮምፒውተር ሊበላኝ ነው? ትላለች።»

ናኢማ ወንበሯ ላይ ቀጥ አለች። ሰባት ቁጥር የስንዴ ዝርያ አምና በጮሌ ደጋ ቀበሌዎች ዋግ በሚባለው የሰብል በሽታ አልቋል። ኢብሳ ዘንድሮ ለእነሱ አስራ አንድ ቁጥርን መድቧል፤ ሰባት ለቆላው ብቻ ቀርቷል። ሁለቱም ዘር ጮሌ መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድሯል።

«ሴትየዋን ያቅርቡልኝ።»

ስልኩ ውስጥ የዝናብ ድምፅ ገባ፤ ከዚያ የሴት ድምፅ። ሙቢና ትባላለች።

«ማሽኑን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አዴ» አለች ናኢማ፤ በአፋን ኦሮሞ ለእናት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

«ማሽንሽ ማሳዬን አይቶታል?»

«አላየውም።»

«እኔ ግን አይቼዋለሁ። ጉም የሚተኛበት ማሳ ነው። የእናንተው ኢብሳ እግሩ ድረስ መጥቶ ሰባት ይቅርባችሁ ብሎን ሄዷል። አሁን ወረቀቱ ሰባት ይላል። የቱን ልመን?»

«ኢብሳን ይመኑ» አለች ናኢማ። «ጋሼን ይስጡኝ።» አቶ ወልደአማኑኤል ሲመለሱ ጠየቀቻቸው። «ከእሷ በፊት ስንት የደጋ ሰው ወስዷል?»

ወረቀት ተገለባበጠ። «ሠላሳ አንድ።»

ዝናቡ ጥሩ ገብቷል። ሠላሳ አንዱ ሰው ቤቱ ደርሶ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይዘራል። የተዘራ ዘር ደግሞ አይለቀምም። ናኢማ ወደ ኪቦርዱ ዞረች። የአዴ ሙቢናን ቀበሌ አስገባች። ስክሪኑ አስራ አንድ አለ።

«እዚህ አስራ አንድ ይላል።»

ኢብሳ ከጎኗ ተነስቶ መጥቷል። «በእኔ ኮምፒውተር ይሠራል ልትይ ነው? ቲሸርት ላይ አሳትሚውና ለሠላሳ አንዱም እናድል።»

«ዝም በል ኢብሳ፣ ወላሂ!»

በቅደም ተከተል ሄደች። አሮጌው ፕሮግራም ይሆን? አቶ ወልደአማኑኤል ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን የዕትም ቁጥር አነበቡላት፤ የዘንድሮው ነው። ጥቅሉ ውስጥ የገባው ሰንጠረዥ ተሳስቶ ይሆን? ጥቅሉን ፈታች፤ የቀበሌዋ ረድፍ አስራ አንድ ይላል። አጠገቡ ያሉት የደጋ ቀበሌዎች ሁሉ አስራ አንድ ናቸው። እንግዲህ ጥቅሉ ውስጥ ለዚያ ቀበሌ ሰባት የሚል ነገር ከሌለ፣ ያ ሰባት የመጣው ከውጭ ነው።

«ጋሼ፣ ከፕሮግራሙ ጎን ዳታ የሚል ፎልደር አለ?»

«የለም።»

«ደህና አድርገው ይዩልኝ።»

«ዓይኔ ደህና ነው ልጄ። ፕሮግራሙ ብቻውን ነው ያለው፣ ባዶ ሜዳ ላይ።»

ከኋላቸው ሰው ይጮሃል፤ አንዱ ዝም ብሎ ይታደለን ይላል፣ ሌላው ቤቴ ሩቅ ነው ይላል። አዴ ሙቢና ደግሞ «ማንም ንቅንቅ አይልም!» ስትል ይሰማል።

ናኢማ ዓይኗን ጨፈነች። «ፕሮግራሙን የሚከፍቱት ከየት ነው?»

«ከፍላሼ ነዋ! ይሄን ኮምፒውተር ማን ያምነዋል? መንገደኛው ሁሉ ይነካካዋል። ፍላሼ ከመጋዘኑ ቁልፍ ጋር በአንድ ማሰሪያ ነው የሚያድረው።»

«የትኛው ፍላሽ?»

«መጀመሪያ የሰጠሽኝ ነዋ። ቀዩ።»

«ሾርትከት ሲመጣ ምን ያደርጉታል?»

«እሰርዘዋለሁ። አንቺው አይደለሽም እንዴ እሱን አትክፈቱ ያልሽን?»

«ያ ረቢ» አለች ናኢማ።

ጮሌ አቤት ብሎ የማያውቀው ለዚህ ነበር። ሌሎቹ ፕሮግራሙን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ ፎልደሩ ፍላሹ ላይ ይቀር ነበር። ጥንቁቁ አቶ ወልደአማኑኤል ግን ምንም አልገለበጡም። ከሁለት ዓመት በፊት የሰጠቻቸው ፎልደር፣ ለደጋውም ሰባት ከሚለው ከያኔው ሰንጠረዥ ጋር፣ አሁንም ቀዩ ፍላሽ ላይ አለ። ቫይረሱ ደብቆታል፤ ምልክቱን እሳቸው ሰርዘዋል፤ ከሰው ዓይን ጠፍቷል። ከጃቫ ግን አልጠፋም። መደበቅ ማለት ስክሪን ላይ አለመታየት ብቻ ነው፤ ፕሮግራም በስሙ ከጠራው ፎልደሩ አቤት ይላል። አዲሱ ጥቅል ሲመጣ እሳቸው አሮጌውን ተክተው እዚያው ጎኑ አስቀመጡት። የናኢማ መስመር ደግሞ እንደታዘዘችው መጀመሪያ ወደ ጎን ተመለከተች።

«ጋሼ፣ ፕሮግራሙን ብቻውን ኮፒ አድርገው ዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጡት። ከዚያ ይክፈቱት።»

«እዚህ ቫይረስ ያለበት ላይ?»

«ቢኖርበትም ይኑርበት፣ ለዛሬ ብቻ! እለምንዎታለሁ።»

አቶ ወልደአማኑኤል እያጉረመረሙ ኮፒ አደረጉ። ማተሚያው ሲንቋቋ ተሰማ፤ ከዚያ ቆመ፤ ከዚያ እንደገና ተንቋቋ። ኢብሳ ቀልዱን ትቶ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቷል።

«ስም፣ ሙቢና» ብለው ማንበብ ጀመሩ፣ ቀስ ብለው፣ የፍርድ ወረቀት ይመስል። «ቀበሌ፣ ልክ ነው። ስፋት፣ ልክ ነው። ዝርያ...» መነጽራቸውን ያስተካከሉ መሰለ። «አስራ አንድ።»

«አልሀምዱሊላህ!» ያለችው ግን ናኢማ አይደለችም፤ አዴ ሙቢና ናት። አከለችበትም፦ «በሉ አሁን ለእነዚያ ደውሉላቸው!»

ለእነዚያ ተደወለ። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያም ጠራቸው። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ ሃያ ስምንት ሰው ጆንያውን መልሶ ቀየረ። ሦስቱ ቀሩ፤ ኔትወርክ ከማይደርስበት ከላይኛው መንደር የመጡ ናቸው።

ናኢማና ኢብሳ አርብ ማለዳ ሮቤ ላይ ሚኒባስ ቀይረው ጮሌ ደረሱ፤ የቀረውን መንገድ ዘር በጫነ ጋሪ፣ ከዚያም በእግር ወጡ። የመጀመሪያው ገበሬ ጆንያ ገና እንደታሰረ ነበር። የሁለተኛዋ አፉ ተፈትቷል፣ ዘሩ ግን አልተነካም። ሦስተኛውን ገበሬ፣ አቶ በዛብህን፣ ማሳቸው ላይ ቆመው አገኟቸው። ግማሹ መሬት ተዘርቷል፤ ጆንያውም ተጋምሷል።

«ሌሊት ዘነበ፣ ጎህ ሲቀድ ዘራሁ» አሉ። «ወረቀቱ ሰባት ይላል፤ እኔ ከወረቀት ጋር ምን ልከራከር?»

ኢብሳ አፉን ሊከፍት ሲል ናኢማ ቀደመችው። «ስህተቱ የእኔ ነው፣ አባባ።»

አቶ በዛብህ ጫማዋ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ አዩ። «ያንቺ ከሆነ እንግዲህ እየመጣሽ ታይዋለሽ።»

ላልተዘራው ግማሽ አስራ አንድ ቁጥርን ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ ናኢማ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከኢብሳ ጋር ትወጣለች፤ የቅጠሉን ጀርባ እየገለበጠች ብጫ ነጥብ ትፈልጋለች። ዋጉ በጊዜ ከታየ መድኃኒት ሊያድነው ይችላል። እስካሁን አልታየም፤ ወቅቱ ግን ገና ነው።

በሌሎቹ ቀናት ጠረጴዛዋ ላይ ቀዩ ፍላሽ አለ። አቶ ወልደአማኑኤል አዲስ ፍላሽ እስኪሰጣቸው ድረስ ከቁልፉ ማሰሪያ አላወጡትም ነበር። ቫይረሱን ሆን ብላ አላጸዳችውም፤ መፈተኛዋ እሱ ነው። ያቺን የሐዘኔታ መስመር ልታጠፋት ነበር፤ ግን ኢብሳ በእርግጥም ሰንጠረዥ ይቀይራል። ስለዚህ መስመሯ ትኖራለች፤ ዝም ማለቷ ግን አይኖርም። ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጫነውን ሁሉ አንድ በአንድ ይጠራል፦ ሰንጠረዥ፣ ከጥቅሉ፣ የዘንድሮ፤ ፊደል፣ ከጥቅሉ፤ መልእክት፣ ከጥቅሉ። ይኸው ዝርዝር ቲኬቱ ግርጌም ይታተማል። ሁለት ሰንጠረዥ ካገኘና ካልተስማሙ ደግሞ ፈረሱን አይነካም።

ኢብሳ ስክሪኑን አይቶ፣ «ሽንኩርት፣ ከናኢማ ቦርሳ!» አለ። ታሪኩን ነግራው ተጸጽታለች።

ዛሬ ጠዋት ቀዩን ፍላሽ ሰካችው። ፕሮግራሙ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ «ከጎኔ አሮጌ ሰንጠረዥ አለ፤ አላትምም» ብሎ ቆመ። ሊሆን የሚገባውም ይህ ነበርና ደስ ብሏት አጨበጨበች። ወዲያው ግን ሌላ ጥያቄ መጣባት። ያ ማስጠንቀቂያ ራሱ የሚነበበው ጥቅሉ ውስጥ ካለው የመልእክት ፋይል ነው። የጠፋው እሱ ራሱ ቢሆንስ? ፕሮግራሙ በምን አፉ ይናገራል?

ቅዳሜ አቶ በዛብህ ማሳ ትወጣለች። እስከዚያ ድረስ የመልእክት ፋይሉን ከጥቅሉ እያወጣች፣ ምንም ሳይኖረው እንኳ ፕሮግራሙ «የጎደለኝ ነገር አለ» ብሎ የሚናገርባትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከራሱ ከፕሮግራሙ ጋር ልትሰፋ እየሞከረች ነው።