ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ቃል

ባንችይርጋ ፊደል የቆጠረችው ማንም ሳያስቆጥራት ነው። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሰንበት በወይራ ገደል ጊዮርጊስ ደጃፍ ተማሪዎቻቸውን ሲያስተምሩ፣ እሷ ከአጥሩ ወዲያ ጥጥ እየፈተለች የሰማችውን ሁሉ በልቧ ትይዝ ነበር። አንድ ቀን ከተማሪዎቹ አንዱ ዳዊት ሲደግም ቃል ቢስት፣ ከአጥር ወዲያ ሆና አረመችው። መሪጌታ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቆይተው ሳቁ። «ነይ ወዲህ፤ ከሰረቅሽው አይቀር በወጉ ተማሪው» አሏት።

ወይራ ገደል ከይምርሐነ ክርስቶስ የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቅ፣ ገብስና ባቄላ የምታበቅል መንደር ናት። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ ከከተማ የተመደበላት አስተማሪ ዳገቱን ከሥር ሆኖ ሽቅብ አየና ተመለሰ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሻዬ ሰው ቢያጣ ወደ መሪጌታ ቤት መጣ። ባንችይርጋ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። በከሰል የጠቆረ ጣውላ ከመንደሩ ዋርካ ሥር አቁማ፣ አባቶቿና እናቶቿ የሚሆኑ ሰዎችን «ሀ በሉ» ማለት ጀመረች።

ከተማሪዎቿ ሁሉ የምትወዳቸው እትየ አመተ ጊዮርጊስን ነበር። እትየ አመተ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሙሉሃብት የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው፣ አምሳን ያለፉ ሴት ናቸው። «ሞት ቀጠሮ ይዞልኝ ፊደል ልቁጠር?» ብለው ሲያበቁ ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት እሳቸው ሆኑ። የልጃቸውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፉ ባንችይርጋ «እትየ፣ ሀው ይሄኛው አይደለም» ብትላቸው፣ «ልጁ የኔ ነው፤ በፈለግሁት ሀ እጽፈዋለሁ» ብለው ዋርካው ሥር ያለውን ሁሉ አሳቁት።

በዓመቱ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ሆነ። ጋሻዬ እንደ ልማዱ ቃለ ጉባኤውን አጣጥፎ ይዞ፣ ቀለሙን አስቀርቦ፣ ሰው በየተራ አውራ ጣቱን እንዲያሳርፍ ጠራ። ባንችይርጋ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«ጋሼ ጋሻዬ፣ ምን እንደተጻፈ ይነበብልን።»

«የተነጋገርነው ነው እንጂ ሌላ ምን ይጻፋል?»

«እንግዲያው ይነበብ።»

ጋሻዬ ማንበብ አይችልም፤ ጽሑፉን የጻፈው የወረዳ ሰው ነው። ወረቀቱን ሰጣት። ስታነበው፣ መንደሩ ከብቱን የሚያሰማራበትን መስክ ለጋራ እርሻ «በሙሉ ድምፅ» ሰጥቷል ይላል። እንዲህ ያለ ነገር የተናገረም የሰማም አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ጋሻዬ ራሱ ከሁሉ በላይ ደነገጠ። መስኩ ተረፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ በወይራ ገደል ሳይነበብ ጣት አይታተምም ተባለ፤ ባንችይርጋም የወጣቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆና ተመረጠች። ወጣቶቹን አስተባብራ ምንጩን በድንጋይ አስከለለች፤ ወደ ገበያ የሚወስደውን ገደል መንገድ አስጠረበች። ሽማግሌዎች በመንገድ ሲያገኟት ከፈረሳቸው ሊወርዱላት ምንም አልቀራቸውም። ደስ ይላት ነበር። በኋላ ዘመን ራሷን ስትወቅስ ከዚህ ደስታ ነበር የምትጀምረው።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ። በልጉም ክረምቱም ከድተው ነበርና መሬቱ ዘሩን በልቶ ዝም አለ። በሬ ሞተ፤ ሰው ሳማ ቀቅሎ በላ። ጊዮርጊስ ደጃፍ መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ያለው ሰው ጠፋ። በጥር ወር ላይ ታፈረ የሚባል ካድሬ ከወረዳ መጣ፤ በታይፕ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ይዟል። ሕዝቡን ከመሰብሰቡ በፊት ባንችይርጋን ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስጠራት።

«ከዚህ ማኅበር አርባ አባወራ ለሠፈራ ይፈለጋል» አላት። «በፈቃዱ ቢሞላ መልካም፤ ባይሞላ በሌላ መንገድ ይሞላል። አንቺን ይሰሙሻል።»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። መሬት ይሰጣል ይላል፤ የእርሻ መሣሪያ ይቀርባል ይላል።

«ቤተሰብ አብሮ እንደሚሄድ ግን አይልም» አለችው።

«ይህማ የታወቀ ነው።»

«ከታወቀ ለምን አልተጻፈም?»

«የታወቀ ነገር ምን ይጻፋል፣ ጓዲት?»

ለአባቷ ነገረቻቸው። መሪጌታ በረሃቡ ጊዜ ድምፃቸው ሰልሎ ነበር። «ያላየሽውን አገር ለሰው አታመስግኚ» አሏት።

«አባዬ፣ እዚህ ቢቀሩስ? ትናንት ሦስት ሰው ቀበርን። በግድ ከሚወሰዱ ወደው ቢሄዱ አይሻልም?»

 

በማግሥቱ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ባንችይርጋ ቆማ አነበበች። ስትጨርስ እትየ አመተ እጃቸውን አነሡ። ፊታቸው መንምኖ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። ሙሉሃብትና ሚስቱ ይማርሽ በግራና በቀኝ ደግፈዋቸዋል።

«ባንቺ፣ የኔ ልጅ፣ እኔ እንኳ አገሬን ለቅቄ የምሄድ ሰው አልነበርኩም። ልጄ ከሄደ ግን ብቻዬን ምን አደርጋለሁ? እስቲ ንገሪኝ፤ ቤተሰብ አይለያይም የሚል አለበት?»

ታፈረ ከጎኗ ቆሟል። ሰዉ ሁሉ አፏን ያያል። ባንችይርጋ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አየች፤ ጣቷ ያረፈበት መስመር ስለ ማረሻና ስለ ዶማ ይናገራል።

«አዎ፣ እትየ፤ ይላል» አለች።

እትየ አመተ ወረቀቱን ልየው አላሉም። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያነበበችው ባንችይርጋ ናት። ቀለሙ ሲቀርብላቸው «ጣት አላሳርፍም፤ ስም አለኝ» ብለው እስክሪብቶ ለመኑና ፊደል በፊደል ስማቸውን ጻፉ። እሳቸውን አይቶ ሌላውም ተነሣ። አርባው አባወራ በዚያው ቀን ሞላ።

ባንችይርጋ ሰዎቹን እስከ መኪናው መንገድ ሸኘቻቸው። ሁለት ቀን በእግር ነው። እዚያ ሲደርሱ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶት ነበር። አንድ ሰው በርሜል ላይ ወጥቶ ስም ይጠራል። የሚጠራው ጎበዝ ጎበዙን ብቻ ነው፤ ቀድመው ሄደው ጎጆ ይሠራሉ ተባለ። ሙሉሃብት ተጠራ። ይማርሽ ነጠላውን ይዛ አብራው ልትወጣ ስትል መለሷት። ባንችይርጋ ወደ ታፈረ ሮጠች።

«አብረው ይሄዳሉ ብለኸኝ ነበር!»

«ይከተላሉ፤ እዚያ ይገናኛሉ» አላት፤ ፊቱን ግን አላዞረላትም።

ሙሉሃብትን የያዘው መኪና አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ወደ ማታ እትየ አመተና ይማርሽም በሌላ መኪና ተጫኑ። መኪናው ሊነሣ ሲል እትየ አመተ ከጠርዙ ላይ አንገታቸውን አወጡ።

«ባንቺ! ብቻ ወረቀቱ ላይ አለ፣ አይደል?»

ያኔ እንኳ መናገር ትችል ነበር። መኪናው ቆሟል፤ ዘበኛው አንድ ነው፤ እትየ አመተ ዘለው መውረድ ባይችሉ ይማርሽ ታወርዳቸው ነበር። ባንችይርጋ ግን ራሷን ነቀነቀች፤ አለ እንደ ማለት። እትየ አመተም እጃቸውን አነሡላትና ሄዱ።

ደብዳቤው የደረሰው በ1979 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ነው። ከሠፈራ ጠፍቶ በእግሩ የመጣ፣ ከአጎራባች አገር ከኩልመስክ የሆነ ሰው በቀበቶው ውስጥ ጠቅልሎ አመጣው። በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ አንዱ ካንዱ ይራራቃል፤ ያስተማረችው እጅ መሆኑን ከሩቅ አወቀችው። እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለልጄ ለባንችይርጋ። እንደምን ከርመሻል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሴ አለች። ያለሁት መተከል ነው። ይማርሽ በወባ አረፈች። ሙሉሃብትን እስካሁን አላየሁትም። እዚህ መንደሩ ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው፤ እሱ በየትኛው ቁጥር እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ወደ ሹሞቹ ዘንድ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ቤተሰብ አይለያይም የሚል ወረቀት አለ ብዬ ብነግራቸው፣ አምጪና እንየው አሉኝ። ወረቀቱ አንቺ ዘንድ ካለ ያችን መስመር ገልብጠሽ ላኪልኝ። አሳያቸዋለሁ። ቶሎ በይ ልጄ። ያስተማርሽኝ ፊደል ይኸው ጠቀመኝ።»

ባንችይርጋ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። ምን ትገልብጥ? ስለ ማረሻውና ስለ ዶማው ያለውን? ባዶውን ወረቀት እያየች ዋለች፤ በማግሥቱም ዋለች። የኩልመስኩ ሰው ወደዚያ የሚመለስ ነጋዴ አውቃለሁ ብሏት ነበርና እስከ ቅዳሜ ይጠብቃት ነበር። ቅዳሜ መጣ፤ ሄደ። ደግሞ ሌላ ሰው ባገኝ እልካለሁ አለች። ክረምት ገባ፤ መንገዱን ተዋጊዎች ዘጉት፤ ይህም ምክንያት ሆናት።

በመጨረሻ ለአባቷ ደብዳቤውን አነበበችላቸው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል ስንል ኖርን» አሉ። «አንቺ ግን ልጄ፣ ያልተጻፈ አነበብሽ። ለዚህ ምን እንደሚባል እኔም አልተማርኩት። ጻፊላት።»

«ምን ብዬ፣ አባዬ?»

«እውነቱን ነዋ።»

አልጻፈችም። በ1980 ዓ.ም. መጨረሻ እትየ አመተ ጊዮርጊስ ማረፋቸው ተሰማ።

ባንችይርጋ የወጣት ማኅበሩን ሊቀ መንበርነት «አሞኛል» ብላ ተወች። ለምን እንደተወች ለማንም አልተናገረችም። ሰዉም ሥራ በዝቶባት ነው፣ አባቷን ለማስታመም ነው አለ፤ አከበራት እንጂ አልጠየቃት። ከዚያ በኋላ የብሔራዊ ውትድርና ወረቀት ሲመጣ፣ የመዋጮ ወረቀት ሲመጣ፣ ጋሻዬ ከስብሰባው መሐል ወደ እሷ ያይ ነበር። «ማን ያንብብልን?» ይላል። እሷ ከሴቶቹ ኋላ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። አንድ ሁለት ጊዜ ጠበቃት፤ በሦስተኛው ቀለሙን አስመጣ። ሰው እንደ ድሮው እየተነሣ አውራ ጣቱን አሳረፈ። የአንዲት ሴት ሁለት ልጆች ምን እንደሚል ባልተነበበ ወረቀት ለጦርነት ተመዘገቡ። ባንችይርጋ በአፏ አንድ ጊዜ ዋሸች፤ በዝምታዋ ግን ስንት ጊዜ እንደዋሸች ቆጥራ አትጨርሰውም።

ደርግ በወደቀ በወሩ፣ በሰኔ 1983 ዓ.ም.፣ ሙሉሃብት ተመለሰ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ባንድ እግሩ ያነክሳል። የእናቱ ቤት ፈርሶ ስለነበር ሰዎች ወደ መሪጌታ ቤት አመጡት። መሪጌታ በዓመቱ መጀመሪያ ዐርፈዋል፤ ባንችይርጋ ብቻዋን ናት። ውኃ አቀረበችለት፤ እግሩን ልታጥበው ብትል እንቢ አለ። ሰዎቹ ሲወጡ ደብዳቤውን ከአባቷ ዳዊት ውስጥ አውጥታ ሰጠችው፤ ሁሉንም ነገረችው። ወረቀቱ ላይ እንዳልነበረ፣ መኪናው ሲነሣ እንኳ ራሷን እንደነቀነቀች፣ ሁሉንም።

ሙሉሃብት ደብዳቤውን በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበው። ሲጨርስ እንደገና ጀመረ።

«እኔ ብትዪም ባትዪም እሄድ ነበር» አለ። «ርቦኝ ነበር። እሷ ግን አትሄድም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ስለዚያ አልቀየምሽም። የዚያን ጊዜ ሁላችንም አእምሯችን በሆዳችን ነበር።» ደብዳቤውን ወደ እሷ አዞረ። «ምን መለስሽላት?»

ባንችይርጋ መሬቱን አየች። «አልመለስኩላትም።»

«ምንም?»

«ምን ልጻፍላት፣ ሙሉሃብት? የሌለ መስመር እንዴት ልገልብጥ?»

«‹የለም› ብለሽ ነዋ!» ድምፁ ከፍ ብሎ ወዲያው ወረደ። «አንዲት ቃል። እኔ ከበለስ ወንዝ ማዶ ነበርኩ። ከእሷ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ይህን የነገረኝ ከቀበሯት ሰዎች አንዱ ነው። ሁለት ዓመት ያህል በሹም ደጃፍ ወረቀት ትጠብቅ ነበር አለኝ። ‹ይመጣል፣ ልጄ ትልክልኛለች› ትል ነበር አለኝ። ወረቀት እንደሌለ ብታውቅ እናቴ ደጅ የምትጠና ሴት ነበረች? ጉልበት ሳላት በየቁጥሩ ዞራ ትፈልገኝ ነበር።»

ባንችይርጋ ከስድስት ዓመት በላይ ስትጸጸት የኖረችው ዋርካው ሥር ስለ ተናገረችው ቃል ነበር። ሙሉሃብት ያን ይቅር ሲላት፣ ባላሰበችው በኩል ሌላ ቁስል ተከፈተባት። አለቀሰች፤ እሱ ግን አላባበላትም። ደብዳቤውን አጥፎ ከደረቱ ከተተና «ይህን እወስደዋለሁ» አለ።

«ያንተ ነው።»

ሰኔ ስለነበር ዝናቡ ጥሩ ጀምሯል። ሙሉሃብት ከጋሻዬ በሬ ተውሶ የእናቱን ማሳ አረሰ፤ ገብስ ዘራ። በነሐሴ ቤቱን ክዳን ሲያለብስ ባንችይርጋ ሣር ተሸክማ ሄደች፤ ተቀበላት፤ ሣሩንም ከሌላው ሰው ሣር ጋር ደረደረው። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲገናኙ «ደህና ዋልሽ» ይላታል፤ «ደህና ዋልክ» ትለዋለች፤ እሱ ወደ ማሳው፣ እሷም ወደ ቤቷ ይሄዳሉ።