ብሮኮሊ ጾም ነው ወይ?

ባስተማርኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ሁዳዴ ሲገባ ከምሳ ጠረጴዛ ተባረርኩ። ውጪ ያለኝ የለም። በእኛ መምህራን ክፍል ሰው አይባረርም፤ ወንበሮች ይጠጋጋሉ እንጂ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ጴንጤ ነኝ፣ ሁዳዴን አልጾምም፣ ስለዚህ የምሳ ዕቃዬ ቅቤ ያውቃል። ሌሎቹ ተማሪው ከወጣ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ያመጡትን ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ገልብጠው አብረው ይበላሉ። ያመጡት ሁሉ ደግሞ ሽሮ ነው። የአንዱ ቀላ ይላል፣ የሌላው ነጣ ይላል፤ ያው ሽሮ። ሳቃቸው ግን መስኮቱ ሥር ብቻዬን የተቀመጥኩትን እኔን ያስቀናኝ ነበር።

የሳይንስ አስተማሪ ነኝና ችግሩን ደረጃ በደረጃ ያዝኩት። መጀመሪያ አዲስ መጥበሻና አዲስ የምሳ ዕቃ ገዛሁ፤ የፋብሪካውን ወረቀት ለማስረጃ ብዬ አልላጥኩትም። ቀጥሎ የሚያስፈልገኝ ማንም ቤት በቅቤ ተሠርቶ የማያውቅ አትክልት ነበር። ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ወጣሁና ከነጠላ ሱቆቹ ጀርባ ካለው ጉሊት አገኘሁት፦ አረንጓዴ፣ ድፍን ያለ፣ ድንክ ዛፍ የመሰለ ነገር።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት ሻጯን።

"ብሮኮሊ። ፈረንጆች ይወስዱታል።"

"እንዴት ነው የሚበላው?"

"እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ። የምሸጠው እንጂ የምበላው አይደለም።"

እንዲህ ያለ ታማኝ ነጋዴ አይቼ ስለማላውቅ ገዛሁ።

ሰኞ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ጠብሼው ትሪው አጠገብ ቆምኩ። መቆሙ ብቻ በበቃኝ። እኔ ግን ማብራራት ጀመርኩ፦ የጎመን ዘመድ ነው፣ የምንበላው ገና ያልፈነዳውን እምቡጡን ነው።

"አበባ ልታበላን ነው" አለ የስፖርት መምህሩ። "ንብ አደረገችን እኮ።"

"ጾም ነው?" አሉ የአማርኛ መምህርቷ። የጠረጴዛው ታላቅ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሳይቆርሱ ማንም አይቆርስም።

"እትዬ፣ አትክልት ነው እኮ።"

"አትክልትነቱንማ አየሁት። ጾም ነው ወይ ነው የምልሽ።"

"እኔ ፒዛ ላይ አይቼዋለሁ" አለ የስፖርት መምህሩ። "ቺዝ ውስጥ ተቀብሮ።"

ሁሉም አንገቱን አስግጎ የምሳ ዕቃዬን አየ። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች፣ ቀኑን ሙሉ ልጆችን አመዛዝኑ ሲሉ የዋሉ ሰዎች፣ አንድን ተክል በዋለበት ቦታ ምክንያት ፍስክ ሊያደርጉት ነው። የእኔም ወገን ከዚህ አይሻልም፤ እናቴ ብትሆን "ጸልየሽበታል?" ነበር የምትለኝ። ይባስ ብዬ ስለ ክሎሮፊል ተናገርኩ። የምሳ ዕቃውን አንስቼ ወረቀቱን አሳየሁ። መጥበሻውም አዲስ ነው አልኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ የሚያጠራጥር ሆነ፤ ንጹሕ ሰው ይህን ያህል አያስረዳም።

በመጨረሻ እትዬ ፈረዱ። "በራስሽ በኩል አድርጊው። ቁጭ በይ።"

ወንበሮቹ ተራርቀው ቦታ ከፈቱልኝ። ብሮኮሊው ከሽሮዎቹ ርቆ፣ ትሪው ጠርዝ ላይ፣ እኔ ፊት ለፊት ተደረገ። ማንም አልነካውም። ብቻዬን ቀመስኩት፤ ነጭ ሽንኩርት የነካው እርጥብ ሣር ነው።

"ጣፈጠሽ?" አለኝ የስፖርት መምህሩ፣ ዐይን ዐይኔን እያየ።

"በጣም። ደግሞ ቫይታሚኑ..."

እትዬ ጭብጥ የሚያህል የሽሮ ጉርሻ ጠቅልለው አፌን ሞሉት። "ብዪ። ቢያንስ ስትበዪ ዝም ትያለሽ።" አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛውን ደገሙኝ፤ ያኔ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም አፌ ሙሉ ሆኖ ሳቅሁ።

በማግስቱ ሽሮ ይዤ ሄድኩ። ጾም ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የምሳ ዕቃውን ወረቀት ግን እስከ ፋሲካ አልላጥኩትም።