ድመቷን አልከስም

በሩ ተከፍቶ ስገባ ቀድማ ያየችኝ ድመቷ ናት። ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር፤ አዲስ ሰው ሲገባ ጠባቂው እስኪሄድ አለማየት የክፍሉ ደንብ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት። ድመቷን ግን ደንቡ አይመለከታትም። አመድማ ናት፣ ሆዷ ሞላ ያለ። ጥግ ላይ ከባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ከእግሬ እስከ ራሴ መረመረችኝ። እኔም የእንስሳት ሐኪም ነኝና በልማዴ መረመርኳት፤ ዓይኗ ንጹሕ ነው፣ ፀጉሯ ያበራል፣ ከሚገባት በላይ ትበላለች። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያወፍራት ገረመኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት ግራና አጠገብ ፍየል ስከትብ ነበር። ሁለት ሲቪል የለበሱና አንድ ፖሊስ መጥተው «ለአጭር ጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። መርፌው በእጄ ነበር። የቀሩትን ፍየሎች ልጨርስ ብል ፈቀዱልኝ፤ ፖሊሱ እንዲያውም አንዷን በቀንዷ ይዞልኛል። ከዚያ በመርሳ፣ በሲሪንቃ አድርገን ወልድያ ገባን። «ለታጣቂዎች መድኃኒት አቀብለሻል» አሉኝ። ያቀበልኩት ለፍየል ነው አልኩ። ጻፉት። አጭር የተባለው ጥያቄ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ክፍሉ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ዓይን ያቃጥላል። ከእኔ ጋር ስምንት ሴቶች ነበርን። ከጣሪያው ሥር አንዲት የአየር ቀዳዳ አለች፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በእሷ በኩል ገብታ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥና ወለሉን ታቋርጣለች። ሲሚንቶው ክረምት ሲገባ ከሥሩ ያልበዋል። ጠዋት ፍራሽ ስናነሳ የእያንዳንዳችን ቅርጽ በእርጥበት ተስሎ ይገኝ ነበር፤ ማን ኩርምት ብላ እንደተኛች፣ ማን እግሯን እንደዘረጋች ከዚያ ይታወቃል።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ከእንጀራዬ ጥግ ቆርሼ ሰው ሳያየኝ ወደ ድመቷ ገፋሁ። ከወዲያ በኩል ሌላ እጅ ሌላ ጉርሻ ገፋ። ቀና ስል በዕድሜ ከገፉ አንዲት ሴት ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

«አንቺም?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አንቱም?» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ እኔ ካላበላኋት ትሞታለች ብዬ ስንት ቀን በግማሽ ሆዴ ዋልኩ!»

የግራና የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ወንድ ልጅሽን አምጪ ተብለው፣ እሱ ሲጠፋ እሳቸው በምትኩ ገቡ። ከጀርባችን ደግሞ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቅ ነበር። የጉባ ላፍቶ ደገኛ ናት፣ ገበሬ፤ ለማታውቃቸው መንገደኞች እንጀራ ሰጠሽ ተብላ የታሰረች። እሷም ለካ ጠዋት ጠዋት የዳቦዋን ልብ ለድመቷ ትሰጣለች። ሦስት ሰው በየፊናው አንዲት ድመት ከሞት ሲያድን ድመቷ ወፈረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍራሻችንን አጠጋጋን። የቀሩት ሴቶች «የድመት ማኅበር» ይሉን ጀመር።

የክፍሉ አለቃ፣ በእስረኛ አጠራር ካቦዋ፣ ከመታሰሯ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የምትሠራ የወልድያ ልጅ ናት። ውኃም ሳሙናም ስታካፍል ለራሷ አታደላም። ድመቷን ግን አትወድም። «ፀጉሯ ሳምባ ላይ ይበቅላል» ትላለች። እንዲህ ያለ ነገር የለም ብዬ ነገርኳት።

«አንቺ የፍየል ሐኪም ነሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሐምሌ ላይ ሳል ጀመረኝ። በሳምንቱ ግራ ጎኔን ወጋኝ፣ ትኩሳቱ መጣ፣ አክታዬ የዛገ ብረት መልክ ያዘ። የደረቴን ድምፅ ሳዳምጥ አወቅሁት፤ የሳምባ ምች ነው። ያንን ድምፅ በላም ላይ ብሰማው ኖሮ ባለቤቱን ራቅ አድርጌ፣ ልጆቹ በማይሰሙበት፣ ነገሩን ቀስ ብዬ እነግረው ነበር። እኔን ራቅ አድርጎ የሚነግረኝ አልነበረም። ፈራሁ።

በጀርባዬ ስተኛ ውኃ ውስጥ የሰመጥኩ ይመስለኛል። የግራናዋ እናት ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡና እኔን ደረታቸው ላይ አስደገፉኝ። እንደዚያ ሆነን ነው የዋልነው፤ ስንት ቀን እንደሆነ አላውቅም። ሴት ልጃቸው ከምታመጣላቸው ስንቅ ውስጥ አብሽ አስመጥተው በማንኪያ በማንኪያ ያጠጡኛል። ደገኛዋን ደግሞ መዳፏን አጎድጉዳ ከወገቤ ወደ ትከሻዬ ጀርባዬን እንድትመታ አሳየኋት።

«ለታመመ… ጥጃ… እንዲህ ነው» አልኳት።

«እንግዲያ ጥጃዬ ነሽ፤ ዝም ብለሽ ተመቺ» አለች። ሞፈር የለመደ እጅ ነው፤ ግን ሲመታ አያምም።

ድመቷ ማንም ሳይጠራት መጥታ የሚወጋኝ ጎኔ ላይ ተጠቅልላ ትተኛለች። ሙቀቷ ልብሴን አልፎ ይገባል። ትንሽ ቆይታ ያንን የጉሮሮዋን ድምፅ ትጀምራለች።

«ሰማሽ፣ ዳዊቷን ደገመች» ትላለች ደገኛዋ።

«የምን ዳዊት፣ ዚክር ነው እንጂ» ይላሉ የግራናዋ እናት። ድምፃቸው በደረታቸው አልፎ በእኔ ጀርባ ይሰማኛል።

«ኧረ ዳዊት ነው! እኛ አገር ድመት ዳዊት ነው የምትደግም።»

«ይቺ እንግዲያ የግራና ድመት ናት።»

«ይሁን፤ ሁለቱንም ትበልላት።»

«አሚን» አሉ።

ትንፋሼን በዚያ ድምፅ ላይ ጫንኩት። ድመቷ ስትስብ እስባለሁ፣ ስትለቅ እለቃለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ክፍሉ ይሰፋል። ግድግዳው እየራቀ እየራቀ እስከ መርሳ ይሄዳል፤ የማንጎ ዛፎች በአየር ቀዳዳዋ አንገታቸውን አስገብተው ፍሬያቸውን በላያችን ያንጠለጥላሉ። የከተብኳቸው ፍየሎች እንደ ጠያቂ በር ላይ ተሰልፈው ስሜን ያስጠራሉ፤ ስንቃቸው በአፋቸው የያዙት ቅጠል ነው፣ ጠባቂውም ቅጠሉን እያገላበጠ ይፈትሻል። ሳምባዬ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይሆንብኛል። በአንዱ ክፍል ዝናብ ይዘንባል፣ በሌላው ሴቶች ተቀምጠው ያወራሉ። እኔ ወደሚያወሩት መሄድ እፈልጋለሁ፤ በሩ የት እንደሆነ ግን አላገኘውም። ስነቃ ያቺ ቀጭን ፀሐይ ድመቷ ጀርባ ላይ ደርሳለች። ደግሜ ስነቃ አልፋ ግድግዳውን ትወጣለች። ደስ ይል ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግን ደስ ይል ነበር።

አንድ ቀን ዓይኔን ስገልጥ ራስጌዬ የሞተች አይጥ አገኘሁ። ድመቷ አጠገቧ ተቀምጣ ፊት ፊቴን ታያለች። ካቦዋ ጮኸች።

«ምን ትጮኺያለሽ፤ ስንቅ አመጣችላት እኮ ነው!» አለች ደገኛዋ።

ልስቅ ስል ጎኔ የተቀደደ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ትንፋሼ አጠረ። ለግራናዋ እናት «ብሞት… ለእናቴ…» አልኳቸው።

«ዝም በይ! መልእክት ካለሽ ራስሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ» አሉና አጥብቀው ያዙኝ።

ካቦዋ ይህን እያየች መቀመጥ አልቻለችም። በሩን በሁለት እጇ ደበደበች። «ልጅቷ በድመት ፀጉር እየሞተች ነው፤ ሐኪም ቤት ውሰዷት!» ብላ ለጠባቂው ተናገረች። ልታድነኝ ብላ ነው። በማግስቱ የእስር ቤቱ ኃላፊ ወረቀት ይዞ መጣ።

ወጣት ነው፣ ጫማው የተወለወለ። በሩ ላይ ቆሞ አነበበው። ታሳሪዋ የታመመችው ቀድሞ በነበረባት አስም ላይ እስረኞች ከደንብ ውጭ ያስጠጓት ድመት ፀጉር ታክሎበት መሆኑን አምናለች ይላል። አስም ኖሮብኝ አያውቅም።

«ፈርሚና መኪና ላይ ውጪ» አለኝ። «ድመቷን ያስጠጉትን ደግሞ ስማቸውን ከታች ጻፊ። ለአንድ ወር ጠያቂ ይከለከሉና ደንብ ይማራሉ።»

የግራናዋ እናት ልብ በጀርባዬ ሲመታ ተሰማኝ። ሴት ልጃቸው በየሳምንቱ ስንቅ ስታቀብል «ደህና ነው» ትላቸዋለች፤ ወንድሟን ማለቷ ነው። ያቺን አንድ ቃል ይዘው ነው ሳምንቱን የሚገፉት።

«የኔን ስም ጻፊ» አሉኝ በጆሮዬ። «ፈርሚና ውጪ ልጄ። አብሽሪ፣ እኔ ምን እሆናለሁ!»

«የኔንም ጨምሪ» አለች ደገኛዋ። «በሞቴ ፈርሚ። ለድመት ብለሽ ልትሞቺ ነው?»

ብዕሩ በእጄ ነበር። መኖር እፈልግ ነበር፤ ይህን ሳልሸፋፍን ልናገር። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ መድኃኒቱ እዚያ አለ፣ የመድኃኒቱን ስም ሁሉ አውቀዋለሁ። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ነገር ግን እዚያ መስመር ላይ የምጽፈው፣ ደረታቸውን ሰጥተው ያስደገፉኝንና ጀርባዬን ስትመታ የዋለችውን፣ ሁለቱን ነው። ትንፋሼ ከሁለት ቃል አያልፍም ነበር።

«ድመቷን አልከስም» አልኩ።

«ድመት አትከሰስም» አለ ኃላፊው ሳይስቅ። «ሰው ነው የሚከሰሰው።»

ብዕሩን መለስኩለት። የግራናዋ እናት «እብድ!» ብለው ትከሻዬን መቱኝና አለቀሱ። ኃላፊው ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ካቦዋ ከቦታዋ ተነሳች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እኔ ንብረት ክፍል ነው የሠራሁት። ይህን ቤት ስትረከቡ ድመቷ ነበረች?»

«ነበረች።»

«እንግዲያ ከቤቱ ጋር የተረከባችኋት ናት። እኛ አላስጠጋናትም፤ እሷ ናት እኛን ያስጠጋችን። የድመት ፀጉር ነው ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ከሰው ሰምቼ እንጂ ሐኪም ሆኜ አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ምን እንዳመማት እሷን ይጠይቋት።»

ኃላፊው ወረቀቱን ብዙ አየው። ቀዶ ቢጥለው የሚጠይቀው አልነበረም። መስመሮቹን ሰረዛቸው፣ ከበሩ አልፎ ገባና ብዕሩን መልሶ ሰጠኝ።

«ምክንያቱን ራስሽ ጻፊ» አለኝ።

«እርጥብ ወለል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አነበበው። ከዚያ ወደ እግሩ አየ፤ ጫማው ዙሪያ ሲሚንቶው ውኃ አቅርሯል። አንዴ እግሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «ውሰዷት» አለ።

ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛሁ፤ አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ወንበር ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። ሐኪሙ ደረቴን ሰምቶ እንዴት እስከዚህ እንደቆየሁ ጠየቀኝ። ቁጭ አድርገው ይደግፉኝና ጀርባዬን ይመቱኝ ነበር አልኩት። «እሱ ነው ያቆየሽ» አለኝ። ድመቷን አልነገርኩትም፤ እንዳይስቅብኝ ፈርቼ ነው።

በአሥረኛው ቀን ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ፍራሾቹን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው አገኘኋቸው። ከሥራቸው የእንጨት ርብራብ ተዘርግቷል፤ ድሮ ማዳበሪያው እንዳይረጥብ ጆንያው የሚደረደርበት። ማዳበሪያው ወጥቶ እኛ ስንገባ ርብራቡን አውጥተው ግቢ ውስጥ ከምረውት ኖሯል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሽንት ቤት ስንወጣ በአጠገቡ ነበር የምናልፈው። ኃላፊው አንድ ቃል ሳይናገር አስገብቶ ካቦዋን «ስምንት ርብራብ ተረክቤአለሁ» ብላ እንድትፈርም አድርጓታል።

የግራናዋ እናት ከላይ ሆነው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ነይ ውጪ ልጄ» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ከማዳበሪያ እኩል ሆነናል።»

ከወራት በኋላ በተለያየ ቀን ተፈታን፤ ለምን እንደተፈታንም አልተነገረንም። ድመቷ እዚያው ቀረች፤ የቤቱ ናትና። እኔ አሁን መርሳ ነው የምሠራው። በገበያ ቀን ግራና ስሄድ ከሽንኩርት መደባቸው አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ልጃቸውን እሳቸው ካላነሱ አላነሳም። ደገኛዋ ከሰው ጋር ሰላምታ ትልክልኛለች። ያንን ኃላፊም አንዳንዴ አስበዋለሁ። ልጠላው እጀምርና እግሩን አንስቶ ያስቀመጠው ትዝ ይለኛል፤ ጥላቻውም ሳልጨርሰው ይቀራል።

የታመመ ከብት አለ ተብዬ በረት ስገባ አሁን መጀመሪያ የማየው ከብቱን አይደለም። ጎንበስ ብዬ ወለሉን በመዳፌ እነካለሁ። ገበሬዎቹ «ሐኪሟ ምን ጠፋባት?» ይባባላሉ።