የጋሽ ሰይድ መሳቢያዎች

ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ልገዛ ሾላ ገበያ ወርጄ፣ አንድ ሰውዬ አሮጌ የብረት ካቢኔት በነጭ ጋዝ ሲፈትግ አየሁ። የጋዙና የዝገቱ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ባለሁበት ቆምኩ። ያ ሽታ የጋሽ ሰይድ ነው። ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ጋሽ ሰይድ ገርጂ ሳለን አጥር የምንጋራቸው ቡታጋዝ ጠጋኝ ነበሩ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ያረጁ የፋይል ካቢኔቶች ገዝተው በጋሪ ያስመጡ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሳቀባቸው። እሳቸው ግን የጎደጎደውን በእንጨት መዶሻ አቀኑ፣ ዝገቱን ፈተጉ፣ የመሳቢያዎቹን ሐዲድ ሻማ ቀቡ። ቁልፎቹንም ፈትተው ጣሉ። "የተቆለፈ ነገር ሰው ያርቃል" ይሉ ነበር። በየመሳቢያው ላይ የነበረውን የመሥሪያ ቤቱን ጽሑፍ ግን አልላጡትም። ስለዚህ "የዓመት ፈቃድ" የሚለው ውስጥ ፒንሳዎች፣ "ጡረታ" የሚለው ውስጥ ደግሞ ጥርሳቸው ያለቀ ሞረዶች ይተኙ ነበር።

ሰፈሩ ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ሲዞር ቡታጋዝ የሚያስጠግን ጠፋ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅም አልነበራቸውም። ደጃቸውን የሚረግጠው ዕቃ የሚዋስ ሰው ብቻ ሆነ። አባቴ ሁልጊዜ እኔን ይልከኛል። ካቻቪቴና ፒንሳ ስጠይቃቸው ካቻቪቴውን ብቻ ይሰጡኝና "ፒንሳው ዓመት ፈቃድ ላይ ነው፣ ነገ ነይ" ይላሉ እየሳቁ። በማግስቱ ስሄድ አስቀምጠው ስለ ትምህርቴ ይጠይቁኛል፤ ስለ ወሎም ያወሩልኛል። እኔ ግን ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት ምን ይከብዳል፣ ምን ዓይነት ስስት ነው እያልኩ እነጫነጭ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አባቴን ነዝንዤ ሙሉ የመሣሪያ ሳጥን አስገዛሁት። ከዚያ እየሮጥኩ ሄጄ፣

"ጋሽ ሰይድ፣ ከእንግዲህ አናስቸግርዎትም! አባዬ ሁሉንም ገዛ" አልኳቸው። ቁም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

"ደግ አደረጋችሁ ልጄ" አሉና የጸዳውን መሳቢያ እንደገና ይወለውሉ ጀመር።

ሌሎቹ ጎረቤቶችም ቀስ በቀስ የየራሳቸውን ገዙ። እኔም በበራቸው ሳልፍ ሰላምታዬ ከሩቅ ሆነ። እንዳናስቸግራቸው ብለን ብቻቸውን ተውናቸው። ሲሞቱ ከወሎ የመጣው የወንድማቸው ልጅ አንዱን ካቢኔት ለእኛ ሰጠን። መሳቢያውን ስስበው ያለ ምንም ድምፅ ተንሸራተተ፤ ሐዲዱ ላይ የተቀባው ሻማ ገና አዲስ ነበር። ለማን ብለው ይቀቡት እንደነበር ሳስበው ዛሬም አንጀቴን ይበላኛል።

አሁን ካቢኔቱ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ቆሟል። አራት ዓመት ስኖር አንድም ሰው ምንም ልዋስ ብሎ በሬን አላንኳኳም። ሁሉም የራሱ አለው፤ ሁሉም ገብቶ ይዘጋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ከሾላ በተመለስኩ ማግስት፣ ቤቴ ውስጥ ሦስት መዶሻ እያለኝ፣ ፊት ለፊቴ ያለውን በር አንኳኳሁ። አንዲት ሴት ከፈተችልኝ።

"ይቅርታ ላስቸግርሽ፣ መዶሻ ይኖርሻል?"

"ኧረ ምን ችግር አለው! ፈልጌ እስካመጣው ግቢና ተቀመጪ።"

ገብቼ ተቀመጥኩ። ስሟ ሰናይት መሆኑን ያን ዕለት አወቅሁ።