በኦክላንድ ጠጠር ማንበብ ስማር

ኦክላንድ ውስጥ ሻማና ጌጠኛ ድንጋይ የሚሸጥ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ዕቃ እጠቀልል ነበር። የሱቁ ባለቤት በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቱ አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ ለደንበኞች ሩን ይጥላሉ። ሩን የሰሜን አውሮፓ ሰዎች የጥንት ፊደል ነው፤ በየጠጠሩ ላይ አንድ አንድ ተቀርጾ በከረጢት ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ፊደል ስምና ትርጉም ስላለው በወጣው ጠጠር የሰው ዕጣ ይነበባል። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ጠረጴዛዋን ለእኔ ሊሰጡኝ አሰቡ። ከጓዳ መውጣት ስለሆነ ፈለግኩት። ሰው ፊት ማውራት እንደሚከብደኝ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ያስተማሩኝ እንዲህ ነው፤ ጠዋት ሳላይ ከከረጢቱ አንድ ጠጠር አወጣለሁ። ስሙን ሳልጠይቅ ቅርጹ ምን እንደሚመስል እናገራለሁ። ኪሴ ከትቼው እውላለሁ፤ ሱቁ ሲዘጋ ቅርጹን በዕለቱ የት እንዳየሁት ይጠይቁኛል። «አላየሁትም» ማለት ይፈቀዳል። ፊደሎቹ አላስቸገሩኝም፤ ልጅ ሆኜ ሀሁን በዜማ ስለቆጠርኩ እነዚህንም እያዜምኩ ያዝኳቸው። ከዚያ ሦስት ጠጠር ነጭ ጨርቅ ላይ መጣል መጣ፤ አንዱ ላለፈው፣ አንዱ ላለው፣ አንዱ ለሚመጣው።

ሳን ሆዜ ያለችው አክስቴ ሰምታ ደወለች።

«ጆብ ጠፍቶ ነው ጠጠር ጣይ የሆንሽው?»

«ሻማ ነው የምጠቀልለው፣ እትዬ።»

«እሱን ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው።»

የመጀመሪያ ደንበኛዬ የሐኪም ምርመራ ውጤት የምትጠብቅ ወጣት ሴት ነበረች። አሠሪዬ መደርደሪያው ጋ ቆመው ይሰማሉ። ለሚመጣው «በረዶ» የሚባለው ፊደል ወጣ፤ ሰብል የሚመታው ዓይነት። «ከአቅምሽ በላይ የሆነ ነገር ይመጣል፣ ከዚያም ይቀልጣል፤ ላንቺ ምን ይታይሻል?» ማለት ነበረብኝ። እኛ ዘንድ ግን ክፉ ወሬ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ዘመድና ጎረቤት ተጠርቶ ነው።

«ከማን ጋር ነው የመጣሽው?» አልኳት።

«ብቻዬን። ለምን?»

«ቅርብ የሚኖር ዘመድ አለሽ?»

ፊቷ ተለወጠ። «ልሞት ነው?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ታዲያ ዘመድ ምን ያደርጋል?»

ጨርቁን ጨርቁን አየሁ። ስልኳን አውጥታ እህቷን ጠራች፤ እህቷ ከጎረቤት ከተማ ከአላሜዳ እስክትመጣ ሦስታችንም ጠበቅን። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተማርኩትን ሳልደናቀፍ ተናገርኩ።

«ለዚህ ነው ፓርኪንግ ፍለጋ የዞርኩት?» አለች እህቷ። ደንበኛዬ ሳቀች፤ ከዚያ የእህቷን እጅ ያዘች።

ሲወጡ አሠሪዬ መጥተው ተቀመጡ።

«አስፈራራሻት።»

«አዎ።»

«ንባቡ ግን ልክ ነበር።» ጠጠሮቹን ወደ ከረጢቱ መለሱ። «ብቻቸውን የሚመጡትን እኔ እይዛለሁ። ሁለት ሆነው የሚመጡት ያንቺ ናቸው።»

አብዛኛው ሰው የሚመጣው ብቻውን ነው። ስለዚህ አሁንም ብዙውን ቅዳሜ ጓዳ ሆኜ ሻማ እጠቀልላለሁ፤ ሁለት ሰው አብሮ ሲገባ ይጠሩኛል።