ጠቅ ስትል ንገሪኝ

የአባቴ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኸችው አሶሳ ገበያ መግቢያ ላይ ነው። የማንጎ ወቅት ስለነበር መንገዱ በሻጭ ተጨናንቋል። እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሳ ከኋላችን አንድ ነገር ፈነዳ። ማንጎ የሚሸጠው ሰውዬ ጋሪው ስር ገባ። አንዲት እናት ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ከግድግዳ ተለጠፈች። የባጃጅ ሾፌሮች አንገታቸውን ቀበሩ። ለጥቂት ጊዜ ገበያው ሁሉ ጆሮ ብቻ ሆነ። ከዚያ ጭሱን አዩና ቀስ በቀስ ቀና ቀና አሉ።

"አባባ፣" አለ አንዱ ባለባጃጅ ጉልበቱን እያራገፈ፣ "ይቺን መኪና ትጥቅ ያስፈቷት እንጂ።"

ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ድምፅ ሰው ሰምቶ ሳይሆን ተጎንብሶ ነው የሚያውቀው።

መኪናዋ ከእኔ ዕድሜ ትበልጣለች። ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ትንሽ መኪና ናት፤ ሰፈሩ "ጎባጣዋ" ይላታል። አባቴ ከወለጋ በሾፌርነት ተቀጥሮ መጥቶ ጡረታ እስኪወጣ የመሥሪያ ቤት መኪና ነዳ። ጎባጣዋ ግን የራሱ ናት፤ ጋራዥ ገብታ አታውቅም። ሞተር የሚያስተካክለው በጆሮው ነው። የድሮ ባልደረቦቹ መኪናቸውን ይዘው ግቢያችን ሲመጡ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና ቤንዚኑን ከሚለኩሱት ካንዴላዎች የቱ እንደሞተ ይነግራቸዋል። ሲፈቱት እንዳለው ይሆናል።

ከግቢያችን ጀርባ ባለችው ክፍል አንዲት ሴት ከትንሽ ልጇ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። ከመተከል በኩል ተፈናቅላ የመጣች ናት። ስላየችው ነገር አትናገርም፤ እኛም አንጠይቅም። ጎባጣዋ ግቢ ውስጥ በጮኸችበት ቀን ከዚያ ክፍል ምንም ድምፅ አልወጣም። ዝምታው ሲበዛብኝ ሄጄ በሩን ገፋሁት። አልጋው ስር ናቸው። የእናትየው እጅ የልጅቷን አፍ ከድኗል።

በማግስቱ ወደ አባቴ መጣች። አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ ሰው ሁሉ ለእሷ "አንተ" ነው፤ አባቴም ከፍቶት አያውቅም።

"አባባ፣ መኪናው ያንተ ነው። ግቢውም ያንተ ነው። እኔ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።"

አባቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው።

"አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። መኪናዋ ዝም እስክትል ድረስ ከዚህ ግቢ አትወጣም። ቤት አትፈልጊ።"

ቃሉ ይኼው ነበር። እሷ እንድትቆይ ሞተሩ መዳን አለበት፤ ካልዳነ ደግሞ ጎባጣዋ ቆማ መቅረቷ ነው። አባቴ ያለ መኪናው ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈለግሁም።

ሥራ ጀመርን። "ድምፁ በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታው ከወጣ ብልጭታው ዘግይቷል ማለት ነው" አለኝ። "ቤንዚኑ በሰዓቱ አይነድም፤ እየነደደ ይወጣና ማርሚታ ውስጥ ይፈነዳል።" ካንዴላዎቹን አውጥቶ ጠረገ። የገመዶቹን ተራ አየ። ማርሚታው የተቀደደ እንደሆነ በእጁ ዳሰሰ። ፑንቲና የሚሏትን፣ በተከፈተች ቁጥር ብልጭታ የምትልክ ትንሽ ብረት አጸዳ። ከዚያ ከተከራያችን ቁልፍ ይለምናል። እሷ ልጇን አስገብታ በሩን ትዘጋለች። ሞተሩ ይነሳል፤ አባቴ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር አላልቶ በእጁ ቀስ እያለ ያዞረዋል። ዓይኑ ጭፍን ነው። ድምፁ ወፈር፣ ረጋ ሲል "አሁን" ይላል፤ ያጠብቀዋል። ነዳጅ ሰጥቶ ሲለቅ ትጮኻለች።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። እኔ የማየው ነገር ግን ነበር። እጁ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው የሚያዞረው። ማርሚታው ከቀን ቀን ይበልጥ ይግላል። ጩኸቱ እየባሰ ሄደ። ተከራያችን ቁልፉን ስትሰጠው ቀና ብላ ማየት ተወች።

"ነገ ሌላ መንገድ እንሞክራለን" አለ፤ ሞተሩን ሳያስነሳ ማስተካከል።

በነጋታው ቁልፍ ሳይለምን ከባትሪው በሽቦ ኤሌክትሪክ ሳበና ዋናውን የብልጭታ ገመድ ነቅሎ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጥቂት አራርቆ አሰረው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስለነበረች ብልጭታው በዓይን አይታይም፤ ሲዘል ግን ጠቅ ይላል። እኔ ሞተሩን በመፍቻ ቀስ እያልኩ ማዞር ነበረብኝ። የአባቴ ዓይን ቺንጊያ የሚሉትን የሞተር ቀበቶ በሚያዞረው ክብ ብረት ላይ ያለችውን ጭረት ይጠብቃል፤ ጆሮው ብልጭታውን። ጭረቷ ቦታዋ ላይ ስትደርስ ጠቅ ማለት አለበት።

አዞርኩ። ጭረቷ ቦታዋን አለፈች። ትንሽ ቆይቶ ጠቅ አለ። አቆምኩ።

"ምን ያቆምሻል? አዙሪ።"

"ጠቅ አለ እኮ አባዬ።"

"አላለም።"

እንደገና አዞርኩ። እንደገና፣ ጭረቷ ካለፈች በኋላ፣ ጠቅ አለ። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አሁንም ይጠብቃል።

"ብሏል አባባ" የሚል ድምፅ መጣ። ተከራያችን የክፍሏ ደፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሞተሩ የግቢው ስፋት ያህል ትርቃለች። "ቅድምም ብሏል። አሁንም።"

አባቴ ቀና ብሎ እሷን አየ፣ ከዚያ እኔን። ጭረቷን አየ፤ ማለፍ ከሚገባት ብዙ አልፋለች። መፍቻውን ከእጄ ተቀብሎ በጨርቅ ይጠርገው ጀመር። ንጹሕ ነበር፤ ግን ጠረገው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ። ማንን እንደጠየቀ አላውቅም።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ሞተር ብልጭታው ሲዘገይ ድምፁ ይወፍራል። አባቴ ቀጫጭኖቹ ድምፆች አንድ በአንድ ሲጠፉበት፣ እጁ አሁንም ወደሚሰማው ወፍራም ድምፅ እያዞረ ነበር። ሌላም ነገር ገባኝ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ያስተማረኝ የለም፤ ማታ ለእሱ አነባለሁ። ድሮ "እዚህ ጋ ትንገጫገጫለች" ብሎ ያቋርጠኝ ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን በዝምታ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ የተሻልኩ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ጨርቁን አጠፈ። "ነይ እናት" አላት። "እዚህ ተቀመጪ። ጠቅ ስትል ንገሪኝ።"

እኔም መናገር እችል ነበር፤ ቦታውን ግን ለእሷ ለቀቅሁ። ልጇን ታቅፋ መጥታ ሞተሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። መፍቻውን መልሼ ወስጄ ጭረቷን ቦታዋ ላይ አቆምኩ። አባቴ ዲስትሪቢዩተሩን ከለመደው ወገን በተቃራኒ፣ ፀጉር ታህል እያለ ገፋው። የሴትየዋ ፊት ላይ አንድም ነገር አይንቀሳቀስም።

"አሁን" አለች።

አጠበቀው። ደገምነው። "አሁን።" ጭረቷ በቦታዋ ነበረች።

ቁልፉን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታችና ሰጠችው። የልጅቷን ጆሮ በሁለት እጇ ከደነች እንጂ ወደ ክፍሏ አልሄደችም። ሞተሩ ተነሳ። ነዳጅ ሰጠ፤ ለቀቀ። ሰጠ፤ ለቀቀ። የማርሚታው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ልጅቷ የእናቷን ጣቶች አስለቅቃ ሞተሩን አየች።

አባቴ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ነዳሁ፤ እሱ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግቶ ጎኔ ተቀመጠ።

"ዳገቱ ላይ ትንቀጫቀጫለች?"

"አትንቀጫቀጭም" አልኩት፣ ጮክ ብዬ።

"አሁንስ ድምጿ ምን ይመስላል?"

እንደ ግጥም ላሳምርለት አልፈለግሁም። "እኩል ነው" አልኩት። "የሚቀድም የለም፣ የሚዘገይም የለም።" ራሱን ነቀነቀ፤ ይህን ሰምቶታል።

ስንመለስ ተከራያችን ልብስ እያሰጣች ነበር። የግቢውን በር ስንገፋ ደንግጣ ዞረች።

"ስትመጡ አልሰማሁም" አለች። ደስ አላላትም። "ሳይሰማ የሚመጣም ጥሩ አይደለም።"

ክፍሏን አልለቀቀችም። ከዚያ ወዲህ እሷን የሚያስጠነቅቅ አንድ አጭር ጡሩምባ ከግቢያችን በፊት ያለው ኩርባ ላይ ሳንነፋ ወደ ግቢ አንገባም። እዚያ ስንደርስ አባቴ ወደ እኔ ይዞራል።

"ነፋሽ?"

"ነፍቻለሁ አባዬ።"